በመጨረሻ የመጣ በመጀመሪያ ይናገር

ጥቅምት 6

ለማከብርዎት ለአባቴ እኅት፣ ለእቴቴ፦

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጉልበትዎ ሳይሰንፍ፣ የመርፌ ቀዳዳ ሳይጠፋብዎ ያግኝዎት። እኔ በሰው አገር ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ብቻ? ጮቤ እየረገጥኩ ነው እንጂ!

እቴቴ፣ ካቦ ሆንኩ! እዚህ «የፈረቃ ኃላፊ» ነው የሚሉት፤ እኔ ግን አያቴ ባለበት እንዲሰማኝ ካቦ እላለሁ። ዛሬ ጠዋት አለቃችን፣ ያ ወገቡ ላይ የቁልፍ መዓት የሚያንጠለጥለው፣ ባለ ቁልፉ የምንለው፣ ጠራኝና «ከሰኞ ጀምሮ የጠዋቱ ፈረቃ ያንቺ ነው» አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩ ያውቃሉ? «እርግጠኛ ነዎት?» አሁን ይሄ ይጠየቃል?

የምሠራበትን ቦታ ከዚህ በፊት ጽፌልዎታለሁ፤ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ፣ ምድር ቤት። መስኮቶቹ ጣራ ሥር ስለሆኑ የአላፊ አግዳሚው ጫማ እንጂ ፊቱ አይታየንም። የስንት መቶ አልጋ አንሶላ፣ ፎጣ፣ የሐኪሞች ጋውን በየቀኑ በእጃችን ያልፋል። ከእኔ ሥር አሥራ አንድ ሰው አለ፤ ዘጠኙ በዕድሜ ይበልጡኛል። ካውያ ላይ ያለችው ሴትዮማ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ሹመቴን ስትሰማ ካውያውን አቁማ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና «እስቲ እናያለን» አለች።

አውቶቡስ ላይ ሆኜ ምን ላድርግ ብዬ ሳስብ የቤታችን የእሑድ ሸንጎ ትዝ አለኝ! ከምሳ በኋላ ሳህን ሳይነሳ ሁላችን በተራ የምንናገርባት። እኔ እንደሆነ ሰው ሲመራ ያየሁት እዚያች ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። እና እዚህ ልጀምረው ነው እቴቴ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ማሽኖቹ ሳይነሱ፣ ለሩብ ሰዓት። ደንቡን ግን ከነምክንያቱ ይጻፉልኝ። እኔ ልጅ ሆኜ ወንበር ላይ እግሬን ከማወዛወዝ ሌላ ያስተዋልኩት የለም። የረሱት ካለ አባቴ ከጎንዎ ሆኖ ያስታውስዎት። እሱ ከጻፈልኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ መጋዝ የሚይዝ እጅ ብዕር ከበደው ወይ ይበሉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ፣ ፌንጣዎ


ኅዳር 2

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለፌንጣዬ፦

ከሰው የሚያግባባ አፍ፣ ከክፉ የሚያሳልፍ እግር አይንሳሽ። የላከሽ አምላክ ሹመትሽንም ያጽናልሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን።

እልል! እልል! እልል! ሦስት ጊዜ የጻፍኩት ሦስት ጊዜ ስላልኩ ነው። ደብዳቤሽን ስከፍት የሙሽራ ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ ፊቴ ቆማ ነበር፤ በእልልታዬ ደንግጣ መርፌ ወጋት። «ምነው እትዬ?» ስትለኝ «የወንድሜ ልጅ ካቦ ሆነች!» አልኳት። «ካቦ ምንድን ነው?» አትለኝም? የዛሬ ልጅ! ቁጭ አድርጌ ከሀ እስከ ፐ አስረዳኋት። ቀሚሱን የለካሁላት ከሰዓት በኋላ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገርሽ። አባቴ የመንገድ ሥራ ካቦ በነበረ ጊዜ የአንድ ትንሽ ድልድይ ግንብ ያሠራ ነበር። ሥራ ከገባ ሦስት ቀን የሆነው ሠራተኛ ከመሠረቱ ሥር ውሃ ሲመነጭ አየ። አየና ዝም አለ። «ትናንት መጥቶ ዛሬ ሊያስተምረን ነው» እንዳይሉት ፈራ። ግንቡ ሰው በሌለበት ቀን ተደረመሰ። ማንም አልተጎዳም፤ አባቴ ግን ቤት ገብቶ እህል አልቀምስም አለ። በማግስቱ እሑድ ከምሳ በኋላ ሁላችንንም አስቀመጠና «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት በመጨረሻ የመጣ በመጀመሪያ ይናገር» አለን። ያኔ በመጨረሻ የመጣው አጎትሽ ነበር፤ አራት ዓመቱ ነው። ብድግ አለና «ጫማዬ ጠቦኛል» አለ። ለካ ልጁ ጣቱን አጥፎ ሲሄድ ሁለት ወሩ ነው! የጠየቀው አልነበረም። እናቴ እዚያው አለቀሰች።

ሁለተኛው ደንብ፦ ሳይጠየቅ ጥፋቱን የተናገረ አይቀጣም፤ ስሙም ከደጅ አይወጣም። እኔ ራሴ በዚህ ደንብ ስንት ሰሃን ከሰበርኩበት ነፃ ወጥቻለሁ መሰለሽ።

አባቴ ይህን ሁሉ አንድ ወር ቤት ውስጥ ሞክሮ ነው ወደ ሠራተኞቹ የወሰደው። «የቤት አመል ገበያ ይወጣል፤ መጀመሪያ ቤቴ ይልመደው» ይል ነበር። ስለዚህ አትፍሪ፣ አንቺ ለምደሽው ነው የሄድሽ። ለካውያዋ ሴትዮ ደግሞ የመጨረሻውን ቃል ስጫት፤ መዝጊያው የትልቅ ነው። እስቲ እናያለን ያለች ሰው እንድታይ ፊት ለፊት አስቀምጫት።

እኛም እሑዳችንን አልተውንም። አባትሽ ሰላም ብሎሻል። አጎትሽም ከነሚስቱ ሰላም ብለውሻል።

እቴቴ


ታኅሣሥ 10

ለእቴቴ፣ ለምክሬ ቤት፦

ሰላምታዬ ከጓዳ እስከ ደጃፍ ያሉትን ሁሉ ይድረስ፤ ለእርስዎ ግን እጥፍ ይሁን።

ሠራ! እቴቴ ሠራ! ደብዳቤዎ በደረሰ በማግስቱ አሥራ አንዱንም አንሶላ ማጠፊያው ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጥኳቸው። በመጨረሻ የመጡት አንድ ሰውዬ ናቸው፤ እዚህ ሳይመጡ በፊት ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ወሬ የማያውቅ ፀጉር አስተካካይ አይተው ያውቃሉ? በሦስት ሳምንት «ደህና አደራችሁ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም። እና «እርስዎ ይጀምሩ» ስላቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። መልሰው አደረጉ። ከዚያ «ሦስተኛው ማሽን ሲጨርስ ድምፁ ልክ አይደለም» አሉ። ቴክኒሻን ቢጠራ ቀበቶው በክር ተንጠልጥሏል! ሁለት ቀን ቢቆይ ተበጥሶ ሥራ ይቆም ነበር። እኛ ማሽኑን ለምደነው ጆሯችን ደንቁሯል፤ የሰሙት አዲሱ ሰውዬ ናቸው።

የካውያዋ ሴትዮ ግን በመጀመሪያው ቀን ተቆጣች። «ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቄ ዛሬም ተራ ልጠብቅ?» አለች። እኔም እርስዎ እንዳሉኝ «መዝጊያው የእርስዎ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ ጉሮሮዋን ጠርጋ ትዘጋዋለች፤ አሁን ሳትዘጋው ማሽን የሚያስነሳ የለም። ባለፈው ደግሞ ሳልጠይቃት አንድ ጋውን ማቃጠሏን ተናገረች። ደንቡን ነግሬያቸዋለሁና ማንም ትንፍሽ አላለም። እኔ ቃል ገብቼላቸዋለሁ፤ ሳይጠየቅ የተናገረ ስሙ ከዚህ ክፍል አይወጣም።

አሁን የምለምንዎት ነገር አለኝ። ስለ እናንተ ሁሌ ስለማወራ አያምኑኝም። «ይህን ሁሉ ዘመን በየእሑዱ የሚቀመጥ ቤተሰብ ከየት ይመጣል?» ይሉኛል። የእሑዱን ፎቶ አንድ ላኩልኝ፤ ሁላችሁም ጠረጴዛው ላይ ሆናችሁ። ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው። አባቴ መሀል ይሁን። ሰላምታ ብቻ ሳይሆን ሁለት መስመር ከጀርባው ይጻፍልኝ፤ የእጅ ጽሑፉ ናፈቀኝ።

ፌንጣዎ፣ የማክሰኞዋ ካቦ


የካቲት 20

ለፌንጣዬ፦

ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ያሰብሽውን ሁሉ ከእጅሽ ያስገባልሽ።

ዘገየሁ፣ ይቅር በይኝ። የሰርግ ወራት ነው፤ መስፊያው ላይ ተደፍቼ ነው የምውለው። ፎቶ አንሺውም ከቤቱ ጠፋ። በኋላም አባትሽ ሥራ በዛበት፣ አጎትሽ ጉንፋን ያዘው፣ ብቻ ነገሩ እንዲህ እንዲህ እያለ ሳይመቻች ቀረ። ለጊዜው ይህችን ፎቶ ያዢ፤ ጥሩ ወጥተናል።

ስለ ማሽኑ ቀበቶ የጻፍሽውን ለሰፈሩ ሁሉ አነበብኩት። ያቺ ሙሽራ እንኳ ሰርጓ ካለፈ በኋላ መጥታ «ካቦዋ ምን ደረሰች?» ብላ ጠየቀችኝ። ኮራሁብሽ፤ ኩራቴን የማስቀምጥበት አጣሁ። በርቺልኝ።

እቴቴ


መጋቢት 14

ለእቴቴ፦

ጤና ይስጥልኝ፤ የዛሬው ሰላምታዬ አጭር ነው፣ ጉዴ ረጅም ስለሆነ።

ጉድ ፈላ እቴቴ! እዚህ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚሄድ ጋውን ከታጠበ በኋላ ለብቻው በእንፋሎት ማሽን ይቀቀላል፤ ሳይቀቀል ወደ ላይ መውጣት የለበትም፣ በሽተኛ ይጎዳል። ገና ያልተቀቀለው በአንድ ጋሪ፣ የተቀቀለው በሌላ ጋሪ ይቀመጣል። ሁለቱም ጋሪ ግራጫ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ገና ስንቀመጥ ፀጉር አስተካካዩ ተራቸውን እንኳ ሳልሰጣቸው ተነሱ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ከሩብ ሰዓት በፊት ወደ ላይ ያወጣሁት ጋሪ ያልተቀቀለው ነው። የተቀቀለው ይኸው እዚህ ቆሟል» አሉ።

እግሬ አውጪኝ አልኩ! ሊፍቱን አልጠበቅኩትም፤ አራት ፎቅ በደረጃ። ስደርስ ነርሷ የመጀመሪያውን ጥቅል ይዛ ልትፈታው ነበር። «ተዪው!» ብዬ ጮህኩ፤ መላው ኮሪደር ዞሮ አየኝ። እቴቴ፣ ደረስኩ! ማንም አልነካውም፣ ማንም አልተጎዳም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ፤ ነርሷ ያበድኩ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ። እኒያ ሰውዬ ዝም ብለው ቢሆን ኖሮስ? ዝም ሊሉ ይችሉ ነበር እኮ! የሚያውቅባቸው አልነበረም።

እኔ በደስታ ስፈነድቅ ባለ ቁልፉ ከየት ሰማ፣ ወረደ። «ማን ነው ያወጣው?» አለ። «የፈረቃው ጥፋት ነው፣ ኃላፊዋ እኔ ነኝ» አልኩት። «ስም ነው የጠየቅኩሽ፤ ሰውየው ይባረራል። እስከ ሚያዝያ 15 ስሙን ጽፈሽ ካላመጣሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ» አለኝ። ቃል ገብቻለሁ እኮ! ስሙን ብሰጥ ከእንግዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ማን ይናገራል? ባልሰጥ ደግሞ ካቦነቴ ሄደ። አባቴንና አጎቴን ጠይቀው ቶሎ ይጻፉልኝ፤ የእናንተ ቃል ያስፈልገኛል።

ሌላም ነገር አለ፤ አይቆጡኝ። የላኩልኝን ፎቶ ለማሳየት ሳወጣ ጥግ ላይ ግማሽዋ የተቆረጠች ክርን አየሁ። የሻይ ማንቆርቆሪያ ያቃጠላት ጠባሳ ያለባት። እቴቴ፣ ያቺ ክርን የኔ ናት! ይህ ፎቶ እኔ ሳልሄድ የተነሣ ነው። የአጎቴ ሚስትም የለችበትም። እና አባቴ ለምንድን ነው የማይጽፍልኝ? እባክዎ እውነቱን።

ፌንጣዎ


መጋቢት 27

ለልጄ፦

እግዜር ልብሽን ያጽናው፣ የኔንም ይቅር ይበለው።

ዛሬ እኔ ነኝ ሳልጠየቅ የምናገረው። ተጠይቄያለሁ ለካ፤ ቢሆንም ቁጠሪልኝ። ዋሸሁሽ ፌንጣዬ። በእኛ ቤት እሑድ ከተቀመጥን ሁለት ዓመት አለፈ። ፎቶውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ መቀሴ፣ አንቺን ከጫፉ ለማውጣት። ዕድሜዬን በመቁረጥ የኖርኩ ሰው ክርንሽን ረሳሁት! ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔስ በአንድ ክርን አለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባትሽና አጎትሽ አብረው የሚሠሩበት እንጨት ቤት ለአንድ ትምህርት ቤት ትልቅ በር ታዘዘ። በሩ ተሠርቶ ሲገጠም አራት ጣት አጠረ። ርእሰ መምህሩ አጎትሽን በአስተማሪዎቹና በተማሪዎቹ ፊት አዋረደው፤ «መለካት የማትችል አናጢ» አለው። አባትሽ አጠገቡ ቆሞ ነበር። አንዲት ቃል አልተናገረም። አጎትሽ መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣና ከመንገዱ ማዶ የራሱን ቤት ከፈተ። በሩን ማን እንደለካው ያን ዕለትም አልተነገረኝም፤ ዛሬም አላውቅም። ብጠይቅ አባትሽ ይወጣል፣ አጎትሽ ያፏጫል። አጎትሽ ያገባት ከዚያ በኋላ ነው። ልጅቱ ያንን ጠረጴዛ አይታው አታውቅም።

ለምን ዋሸሽኝ በይኝ። መጀመሪያ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው። በኋላ ግን «በቤታችን ደንብ ካቦ ሆንኩ» ብለሽ ስትጽፊ ደስታሽን እንዴት ላፍርሰው? አንቺ እዚያ የምትቆሚበት መሬት እዚህ ከሥርሽ ሲሄድ እያየሁ ዝም አልኩ። የዚያ የድልድዩ አዲስ ሠራተኛ ዝምታ ከኔ ምን ይብሳል? እሱስ ሦስት ቀኑ ነበር፤ እኔ ስልሳ አራት ዓመቴ ነው። አፈርኩ።

ስለ ሰውየው ስም፦ እንዳትሰጪ። የወንድሞቼን ቃል አላገኘሁልሽም፣ አንድ ክፍል ማስገባት አልቻልኩም፤ የኔን ቃል ግን ይኸው። ሹመት ይመጣል ይሄዳል። አባቴ ያወጣውን ደንብ እኛ አፍርሰነው አንቺ ብቻ ቀርተሻል። ቢያወርዱሽ ወርደሽ ልብስ እጠፊ፤ አንገትሽን ቀና አድርገሽ።

አክስትሽ


ሚያዝያ 16

ለእቴቴ፣ ለደፋሯ፦

ሺህ ዓመት ይኑሩልኝ! ስምዎን የጠራ አፍ ማር ይላስ!

ቁጭ ብለዋል? ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ አለቀስኩ፤ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሰው እያየኝ። እኔ ያንን ሁሉ ጉራ! «እኛ ቤት እንዲህ ነው፣ እኛ ቤት እንዲያ ነው» ስል ስድስት ወር! ከዚያ አሰብኩና ማክሰኞ ዕለት ጠረጴዛው ላይ «ዛሬ ፀጉር አስተካካዩ ሳይሆኑ እኔ እጀምራለሁ» አልኳቸው። ደብዳቤዎን አውጥቼ ከዳር እስከ ዳር እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ክርኗንም፣ በሩንም፣ ሁሉንም። «በቤተሰቤ የኮራሁባችሁ ውሸት ነበር፤ ከተቀመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው» አልኩ። ፊቴ ይነድ ነበር። አሁን ይሳቁብኛል፣ አለቀልኝ ብዬ ጠበቅኩ።

የካውያዋ ሴትዮ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ተራዋ ሳይደርስ! «እንግዲያው እኛ ከእናንተ ቤት በለጥን ማለት ነው?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ከእንባዬ ጋር ሳቅኩ። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ ኮፍያቸውን አወለቁና «ስሜን ስጪያቸው ልጄ፤ በእኔ የተነሣ አትወርጂም» አሉ። «አይሆንም!» ብዬ ገና ሳልጨርስ ሴትዮዋ ቀደመችኝ። «ቆይ፣ ቆይ። ጋሪውን እኔም አሳስቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ። በር ላይ ትዝ ብሎኝ መለስኩት፤ ለማንም አልተናገርኩም።» ማድረቂያው ላይ ያለው «እኔም» አለ። ሌላዋ «እኔም አንዴ» አለች። ብንቆጥር ከአሥራ አንዱ ሰባቱ! እቴቴ፣ ጥፋቱ ጋሪ የሚገፋው ሰው አይደለም፤ ሁለት ግራጫ ጋሪ ጎን ለጎን ያቆመው ሰው ነው!

ወረቀት አመጣሁ። ሰባቱም ያደረጉትን በገዛ እጃቸው ጻፉ፤ ፀጉር አስተካካዩ በመካከላቸው። እኔ ስም አልሰጠሁም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ፈረሙ። ሰባቱን ወረቀት ይዤ ባለ ቁልፉ ቢሮ ስገባ ሴትዮዋ ሳልጠራት ተከትላኝ ገባች። አንድ በአንድ አነበበ። ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልተነገረኝም?» አለ። ሴትዮዋ «ጠይቀውን ያውቃሉ?» አለችው። ሰባት ሰው አይባረር! በሦስተኛው ቀን የተቀቀለው ጋሪ ቀይ ተቀባ። ማንም አልተባረረም፣ እኔም አልወረድኩም። ትናንት ማክሰኞ ባለ ቁልፉ ራሱ ወርዶ ጠረጴዛችን ላይ ተቀመጠ። እና በመጨረሻ የመጣው እሱ ስለሆነ «እርስዎ ይጀምሩ» አልነው! ጆሮው ቀላ። «ጋሪዎቹን ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ዓይነት ቀለም ይቀላል ብዬ» አለ። አንዱ አጨበጨበ፣ ሁላችንም ተከተልን።

ይህ ሁሉ የሆነው በፎቶው አይደለም፤ በመጋቢት ደብዳቤዎ ነው። እባክዎ ይህን ወረቀት ለአባቴም ለአጎቴም ያንብቡላቸው። ሌላ የምለምንዎት የለኝም።

ፌንጣዎ


ግንቦት 4

ለካቦዬ፦

ምድሩም ሰማዩም ይመርቅሽ። በደስታ እየተቻኮልኩ ስለምጽፍ ፊደሌን ታገሺኝ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰ ልጅ ልኬ ለአባትሽ «የመስፊያ ጠረጴዛዬ እግር ተሰብሯል፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ድረስልኝ» አስባልኩ። ለአጎትሽም ያንኑ። ሁለቱም መዶሻቸውን ይዘው መጡ! አንዱ በዋናው በር፣ ሌላው በጓሮ። ጠረጴዛውን ነቀነቁት፤ ደህና ነው። ቀና ብለው ተያዩ። ሁለቱም ወደ በሩ ሲዞሩ የአጎትሽ ሚስት በሩ ላይ ቆማለች፤ ነግሬያታለሁ፣ ንቅንቅ አላለችም። «ተቀመጡ፣ ከልጃችሁ የመጣ ወረቀት አለ» አልኳቸው። የአባትሽ ዓይን ወረቀቱ ላይ ተተከለ። ተቀመጡ።

አነበብኩት። ስለ ካውያዋ ሴትዮ ስደርስ አጎትሽ ሳቀ፤ «ከእናንተ ቤት በለጥን» ላይ ስደርስ ግን ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። ስጨርስ «በመጨረሻ የመጣ ይጀምር» አልኩና ወደ ልጅቱ ዞርኩ። የፈራች መስሎኝ ነበር። «ስታገባኝ ትልቅ ቤተሰብ አለኝ ብለኸኝ ነበር» አለችው ባሏን። «እኔ እስከ ዛሬ ያየሁት ሁለት ሰው በአንድ መንገድ በሁለት ዳር ሲሄድ ነው። ማርገዜን እንኳ ለማን እንደምናገር ጨንቆኝ ሁለት ወር ዝም ብያለሁ።» ፌንጣዬ፣ ባሏም እዚያው ነው የሰማው! እልል ልል አፌን ስከፍት አባትሽ እጁን አነሣ። ተራው አልነበረም፤ የአጎትሽ ተራ ነበር። አጎትሽ ዓይኑን ከሚስቱ ሳያነሳ «ይናገር፣ ለቅቄለታለሁ» አለ።

«በሩን የለካሁት እኔ ነኝ» አለ አባትሽ። «አራት ጣት አሳንሼ። ሲያዋርዱህ አፌ ተያዘ። በማግስቱ ልናገር ስል አንተ ወጥተሃል።»

አጎትሽ «አውቃለሁ» አለው።

«ከመቼ?»

«ከዚያው ዕለት። በእርሳስ የምታሰምረውን መስመር ሃያ ዓመት አይቼዋለሁ። የማንም አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም? በርእሰ መምህሩ ፊት ለምን እሱ ነው አላልክም?»

«እኔ ቀድሜ ብናገርብህ አንተ በምን ትድን ነበር?» አለው። «ሳይጠየቅ የተናገረ ነው የማይቀጣው። ሁለት ዓመት ሙሉ መንገድ ማዶ ተቀምጬ እሱን ስጠብቅልህ ነው።»

አባትሽ ተነሥቶ ወንድሙን አንገቱን አቅፎ አለቀሰ፤ ድምፅ አውጥቶ። አባታችን ሲሞት እንኳ እንዲያ አላለቀሰም። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አልነግርሽም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራ ነበር፣ ተራም ደንብም አልቀረም። እኔ መዝጊያውን ልናገር ሦስት ጊዜ ብነሣ የሰማኝ የለም። ልጅቱን እያገላበጥኩ ሳምኳት። ነገ የሕፃን ልብስ መቁረጥ እጀምራለሁ።

አሁን አባትሽ ከጎኔ ቆሞ ወረቀቱን ስጪኝ እያለ ነው። እንካ ብዬዋለሁ።


ልጄ፣

በሩን ያሳነስኩት እኔ ነኝ። አክስትሽ ነግራሻለች፤ እኔም በእጄ እንድጽፍልሽ ብዬ ነው። ሁለት ዓመት ዝም ያልኩሽ ረስቼሽ አይደለም። በየወሩ እጀምርልሻለሁ። «ደህና ነን» ብዬ ስጽፍ ውሸት ይሆንብኛል፤ እውነቱን ልጽፍ ስል ደግሞ «አባቷ እንዲህ ነው» እንዳትዪ አፍራለሁ፤ ቀድጄ እጥለዋለሁ። ዛሬ የምቀደው የለኝም።

ሰፈሩ ሁሉ ደብዳቤዎችሽን ሰምቷል፤ እኔ ገና ዛሬ ነው የሰማሁት። ስለ ሥራሽ ንገሪኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሪልኝ፣ ምንም ሳታስቀሪ።

አባትሽ